ሉህህ የታለ?

ጥቅምት ሃያ ስምንት፣ ኮምቦልቻ፣ የቀትር ሙቀት፤
ቬንትሌተሩ የሚዞር ከማብረድ ይልቅ ለማውራት።
ደመወዝ አስሊው እኔ፣ ከመስኮቱ ጀርባ፣
አንዲት ቁልፍ ስነካ ሰባት የኤክሴል ሉህ ሲገባ፣
ሰባት ክፍል ሲደመር፣ ፈተላ፣ ሽመና፣
ማቅለሚያ፣ ጥበቃ፣ መጋዘን፣ ጥገና…
«ተጠናቋል» አለኝ በአረንጓዴ ፊደል፤
ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ቦርከናን ተሻግሬ ወደ ቤቴ ልል።

በማግስቱ ጠዋት የባንኩ መልእክት
ከበሩ እስከ ቦይለሩ፣ ኪስ ለኪስ ተንጫጫ፣ ልክ እንደ ጫጩት።
ከዚያ ጦይባ ይመር፣ ከሌሊቱ ፈረቃ፣
ሽፋሽፍቷ ጥጥ ለብሶ፣ ነጠላዋን ታጥቃ፣
ስልኳን በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፈች፤
«የሁሉ ሰው ጮኸ፤ የኛ ዝም» አለች።
«የማን የማን?» ብላት በጣቷ ቆጠረች፣
የራሷ ጣት አልቆ ከኋላዋ ተበደረች።

ሠላሳ ስምንት ሰው።

ማክሮው እኮ አልቆመም፤
ቀይ አላበራም፣ አልጮኸም፣ አላጉረመረመም።
ሆዱን ከፈትኩት። የአቶ ጥጋቡ እጅ፣
ጡረታ ወጥተው ደሴ፣ ጦሳ ሥር የሚኖሩ ወዳጅ።
ገና ከደጃፉ፣ ሁለተኛው መስመር፦
«ስህተት ከገጠመህ፣ ሳታወራ ተሻገር።»

ይኸው ተሻገረ። ሰባት ስም ሲጣራ፣
ስድስቱ «አቤት» አሉት፤ ሰባተኛው፣ ወና ስፍራ።

የጠፋው ሉህ የታለ? አልጠፋም! እዚያው ነው፣
ከ«ጥበቃ» ቀጥሎ፣ ስሙ የሚነበበው፤
«የሌሊት ሥራ» ይላል። ዝርዝሩም ላይ እንዲሁ፣
«የሌሊት ስራ» ይላል። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ።
ጆሮ አይለያቸው፣ ምላስ አይለያቸው፣
ንጉሡና እሳቱ ናቸው ያቃቃራቸው።
አዲሷ ጸሐፊ፣ ፊደል አክባሪዋ፣
እሳቱን በንጉሡ ተካች፤ ልክ ነው እርማትዋ።
በአንዲት ልክ ፊደል፣ ሠላሳ ስምንት ቤት
ባለሱቅ ፊት ቆሟል፣ ለዛሬ ዱቤ ዱቄት።

ደሴ ደወልኩላቸው። «አቶ ጥጋቡ፣ ለምን?»
ሳቁ፣ ሳል ቀደማቸው። «አታውቀው የያኔውን
አለቃ፤ ቀይ ሲበራ ይቆጣ ነበር፤
ማሽኑንም እንደ እኔ አስተማርኩት፣ እንዳይናገር።»

ስልኩን ዘጋሁ። ልቤ ግን ሽቅብ አልወጣም፣ ወደ ደሴ፤
ቁልቁል ወደ ሐርቡ ሄደ፣ ወደ ልጅነት ራሴ።
ሼህ ሙሄ ደጅ ነን፣ የግራር ጥላ ሥር፣
የእንጨት ሉህ ታቅፈን፣ ከጥላሸት ቀለም ጋር።
አንድ ቀን ሉሄን ረስቼ፣ ከጓደኛዬ ጀርባ
አፌን ብቻ ከፈትኩ፣ ድምፄ ከድምፅ ሲገባ፤
ሁሉም ሲቀራ እኔም ቀራሁ፤ ማን ለይቶ ይሰማል?
ሼሁ እጃቸውን አነሱ። ደረሳው ዝም ብሏል።
«ሉህህ የታለ?» አሉኝ። ቁጣ እንኳ የለበት።
«ያልያዙት አይቀራም፤ ሂድና አምጣው ከቤት።»

የአቶ ጥጋቡን መስመር ሰረዝኩ። በቦታው፣ ከአናት፣
ሼሁን አስቀመጥኩ፦ ሉሁ አለ? ጠይቅ፣ ከማንበብህ በፊት።
ከሌለ ቁም። ጩህ። የጠፋውን ስም ጥራ።
ቢሻህ ቀይ አብራ፣ ቢሻህ አለቃ አስፈራ።

በሦስተኛው ቀን፣ ማታ፣ ፈረቃ ሲለወጥ፣
ሠላሳ ስምንት ስልክ ጮኸ ከቱታ ኪስ ውስጥ።
ጦይባ ግን መስኮቴ ጋ አልቆመችም፣ አልፋ ሄደች፤
የሦስት ቀኑን ዱቤ እያሰበች ይሆን፣ ዞራ እንኳ አላየች።
እኔም አልጠራኋት። «ተጠናቋል» ያልኩ ሰው፣
ሳልቆጥር ቦርሳ ያነሳሁ፣ በምን አፌ ላናግራት ነው?

ኅዳር ሃያ ስምንት፣ መሃል ላይ ማክሮው ቆመ፤
ቀዩ በራ። አንድ ስም ጠርቶ ደገመ፣ ደጋገመ።
«ማነው የሚጮኸው?» አለቃ ከቢሮው መጣ።
«ሼህ ሙሄ ናቸው» አልኩት፤
ተነሣሁ፣ ሉሄን ላመጣ።